ትራኮማ የሚጎዳው የዓይን ሽፋን

የሰው አካል ከውጭም ከውስጥም በሽፋን የተጠበቀ ነው። ኤፒተልየም የሚባለው ይህ ሽፋን እርስ በርሳቸው ተጣብቀው የተደረደሩ ሕዋሳት ስብስብ ነው። የራሱ የደም ሥር ስለሌለው ምግቡን ከሥሩ ካለው ሕብረ ሕዋስ ይቀበላል።

ቅርጹ እንደ ሥራው ይለያያል። በሳንባ የአየር ከረጢቶች አንድ ረድፍ ስስ ሕዋሳት ብቻ ስላሉ አየር በቀላሉ ያልፋል። በኩላሊት ቱቦዎች ኩብ መሰል፣ በአንጀት ደግሞ ዐምድ መሰል ሕዋሳት ለሰውነት የሚጠቅመውን መጥጠው ያስቀራሉ። ፍትጊያ በሚበዛበት ቆዳ ላይ ግን ሽፋኑ በብዙ ረድፍ የተደራረበ ነው፤ የላይኛው ሲረግፍ ከሥሩ ያለው ይተካዋል።

በዓይናችን ሁለት ዓይነት ሽፋን እናገኛለን። አንደኛው የዓይን ቆብን ከውስጥ የሚያለብሰው፣ ዓይንን የሚያረጥብ ፈሳሽ የሚያመነጩ ሕዋሳት ያሉበት ለስላሳ ሽፋን ነው። ሁለተኛው ብርሃን የሚያልፍበትን የዓይን ፊት፣ ማለትም ኮርኒያን፣ የሚሸፍነው ከ5 እስከ 7 ረድፍ ያለው ስስ ሽፋን ነው።

የትራኮማ ተሕዋስ የሚገባው በመጀመሪያው ሽፋን ሕዋሳት ውስጥ ነው። በዓይናር በተበከለ እጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። አንድ ጊዜ ቢይዝ ይድናል፤ ከሕፃንነት ጀምሮ ሲደጋገም ግን ከሽፋኑ ሥር ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳው ሲኮማተር የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ሽፋሽፍቱም በእያንዳንዱ ርግብግቢት ኮርኒያን ይፍቃል። በዚህ የቆሰለ ኮርኒያ ይደበዝዛል፤ በዚህ መንገድ የጠፋ ብርሃን አይመለስም። ሕፃናትን የሚንከባከቡ እናቶች ይበልጥ ይጎዳሉ። ሽፋሽፍትን በወረንጦ መንቀል ለጊዜው ያሳርፋል እንጂ ፀጉሩ ተመልሶ ይበቅላል፤ የታጠፈውን ቆብ የሚያቃናው ቀዶ ሕክምና ነው።

አምደወርቅ በሚገኝበት በደሃና፣ እንዲሁም በሰቆጣ ዙሪያና በጋዝጊብላ ወረዳዎች እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2019 በ40 መንደሮች ጥናት ተካሂዶ ነበር። በግማሾቹ የውኃ፣ የመጸዳጃና የንጽሕና ትምህርት ሥራ ተሠርቷል። ከሦስት ዓመት በኋላ በሕፃናት ዓይን የተገኘው ተሕዋስ ከሌሎቹ መንደሮች አላነሰም። ንጽሕና ለብዙ ደዌ መከላከያ ስለሆነ ሊተው አይገባም፤ ነገር ግን ብቻውን በአጭር ጊዜ ትራኮማን እንደማያጠፋ ከዚህ እንረዳለን። መድኃኒቱና ቀዶ ሕክምናው አብረው መሄድ አለባቸው።

ስለዚህ የሰበካ ጉባኤያት የአዚትሮማይሲን እደላ ቀን ሲቆረጥ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት እንዲያስነግሩ እናሳስባለን። ከስድስት ወር በታች ላሉ ሕፃናት የሚሰጠው የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ስለሆነ እናቶች ጨቅላዎቻቸውንም ይዘው ይምጡ። በአብነት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ፊታቸውን የሚታጠቡበት ውኃ ይዘጋጅላቸው። ካህናትም በየቤቱ ሲዞሩ ዓይኑ የሚያነባና ብርሃን የሚሸሽ፣ ሽፋሽፍቱንም የሚነቅል ምእመን ቢያገኙ፣ ኮርኒያው ሳይደበዝዝ ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩት።