ከእግራችን ሥር ያሉ ትንንሽ ሠራተኞች

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ፣ ከስምንት ዓመት ልጄ ጋር እዚህ ጀርመን ከቤታችን አጠገብ ወዳለ ደን ሄድን። መሬቱ በረገፈ ቅጠል ተሸፍኗል። ልጄ ቅጠሉን በእግሯ እየበተነች፣ "አባዬ፣ ይሄን ሁሉ ቆሻሻ ማን ይጠርገዋል?" ብላ ጠየቀችኝ።

"ማንም አይጠርገውም" ልላት ነበር። ግን ቅጠሉ በየዓመቱ ይረግፋል፤ ደኑ ደግሞ በቅጠል ተቀብሮ አያውቅም። ታዲያ ቅጠሉ የት ይሄዳል?

ሠራተኞቹ እነማን ናቸው?

ሥራውን የሚሠሩት ብዙ ፍጥረታት ናቸው፤ የምድር ትል፣ ፈንገስ፣ ባክቴሪያ። ከእነሱ መካከል ብዙ ሰው የማያውቃቸው የአፈር ማይቶች አሉ። ሳይንቲስቶች "ኦሪባቲድ" ይሏቸዋል። የሸረሪትና የመዥገር ዘመዶች ናቸው፤ ሲያድጉ ስምንት እግር አላቸው። ሰው ግን አይነክሱም። አብዛኞቹ ከጤፍ ፍሬ ያንሳሉ። እስካሁን ከ10,000 በላይ ዓይነቶች ይታወቃሉ። በደን ውስጥ አንድ ካሬ ሜትር በማይሞላ ቦታ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሊኖሩ ይችላሉ።

ምግባቸው የበሰበሰ ቅጠልና ፈንገስ ነው። የበሉት ቅጠል ደቅቆ ይወጣል። የደቀቀውን ባክቴሪያና ፈንገስ በቀላሉ ያበሰብሱታል። በመጨረሻ በቅጠሉ ውስጥ የነበረው ምግብ ወደ ዛፉ ሥር ይመለሳል። ዛፉ የጣለውን መልሶ ይመገባል ማለት ነው።

ትንሽ ናቸው ብለን አንናቃቸው። አንዳንዶቹ ጠላት ሲመጣ እግራቸውን ወደ ውስጥ ሰብስበው እንደ ሣጥን ይዘጋሉ። በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ የጀርመን ተመራማሪዎች የአንዱን ዓይነት ጉልበት ለኩ። ማይቱ መሬቱን በጥፍሩ ይዞ ከራሱ ክብደት 1,180 ጊዜ የሚበልጥ ኃይል ተቋቋመ!

ቤት ውስጥ እንዴት እናያቸዋለን?

እኔ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠሪ ነኝ፤ ካልሞከርኩት አላምንም። ዘዴው ቀላል ነው። መጀመሪያ የፕላስቲክ ጠርሙስ ለሁለት ቆረጥን። ላይኛውን ክፍል ገልብጠን ታችኛው ላይ አስቀመጥነው። አፉ ላይ ቀዳዳው ሰፋ ያለ የሽቦ ወንፊት አድርገን እርጥብ ቅጠል ሞላንበት። ከታች እርጥብ ወረቀት አነጠፍን። ከዚያ የጠረጴዛ መብራት ከላይ ራቅ አድርገን አበራን። ማይቶች ብርሃንና ድርቀት አይወዱም፤ ስለዚህ እየሸሹ ወደ ታች ይወርዳሉ። ጣሊያናዊው አንቶኒዮ በርሌዘ ቅጠሉን በሙቀት በማድረቅ ይህን የመሰለ መሣሪያ የሠራው በ1905 እ.ኤ.አ. ነው።

በመጀመሪያው ቀን ምንም አልታየንም። በሁለተኛው ቀን ልጄ በማጉሊያ መነጽር እያየች፣ "አባዬ፣ ይንቀሳቀሳል!" ብላ ጮኸች። ቡናማ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ ነገር ነበር። ካየናቸው በኋላ ወደ ደኑ መለስናቸው።

"በአማርኛ ምን ይባላል?" አለችኝ። አላወቅኩም። ጎጃም ወዳለችው እናቴ ደወልን። "ስማቸውን እኔም አላውቅም" አለች እየሳቀች። "የበሰበሰውን ቅጠል ግን ብስባሽ እንለዋለን። ጎመኔን የሚያሳምርልኝ እሱ ነው።"

ለምን ልንጠነቀቅላቸው ይገባል?

እነዚህ ማይቶች ቶሎ አይራቡም። በቀዝቃዛ አገር ከእንቁላል እስከ ሙሉ ዕድገት ለመድረስ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ሊፈጅባቸው ይችላል። ቅጠሉ ሁሉ ከተጠረገና አፈሩ ከተገለባበጠ ቶሎ ተመልሰው አይበዙም።

እኔ በየዓመቱ የግቢያችንን ቅጠል ጠርጌ፣ በከረጢት ሞልቼ እጥል ነበር። ዘንድሮም ከረጢቱን ይዤ ስወጣ ልጄ በሩ ላይ ቆመች። "አባዬ፣ እሱ እኮ ቆሻሻ አይደለም፤ ብስባሽ ይሆናል" አለችኝ። ከመንገዱ ላይ ያለውን ብቻ ጠርገን ዛፉ ሥር ከመርነው።

እናንተም ግቢ ካላችሁ ጥቂት ቅጠል ከዛፍ ሥር ተዉ። ግቢ ከሌላችሁ ደግሞ በአቅራቢያችሁ ካለ ደን አንድ እፍኝ ቅጠል አምጥታችሁ ሞክሩት።