ጥሎ መያዝ፥ ይዞም መልቀቅ፤ ስለ ትግል ጥበብ

ወንድ ልጅ ጉልበቱን ለመፈተን መውደዱ የተፈጥሮ ነገር ስለ ሆነ፥ አባት ቢከለክለው በሜዳ፥ እናት ብትቆጣው ከከብት ኋላ፥ ከባልንጀራው ጋር መያያዙ አይቀርም። ስለዚህ ለቤተ ሰብ ኀላፊ የሚሻለው መከልከል ሳይሆን ማስተማር ነው። የትግል ጥበብ በሦስት ክፍል ይከፈላል፤ አንደኛው ማጥቃት፥ ሁለተኛው መከላከል፥ ሦስተኛውም የወደቀውን ሳይጎዱ ይዞ መግዛት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ልጆች በጨዋታቸው እርስ በርሳቸው ይማማራሉ፤ ሦስተኛውን ግን ታላቅ ሰው ካላስተማራቸው በቀር አያውቁትም። ጨዋታው ወደ ጠብ የሚለወጠው ብዙ ጊዜ አንዱ ከወደቀ በኋላ ነውና፥ ይህ ሦስተኛው ክፍል ከሁለቱ ይልቅ ሊታሰብበት ይገባል።

ትግል ጥንታዊ ጨዋታ መሆኑን መጻሕፍትም ሥዕሎችም ይመሰክራሉ። ያዕቆብ ሌሊቱን ሲታገል ማደሩና ሹልዳው መነካቱ በኦሪት ዘፍጥረት ተጽፏል። በግብፅ አገር ቤኒ ሐሰን በሚባለው ስፍራ በአለት ተፈልፍሎ በተሠራ መቃብር ግድግዳ ላይ፥ ከዛሬ 4,000 ዓመት ገደማ በፊት ከ200 በላይ ጥንድ ታጋዮች ተሥለው ይገኛሉ። የማን ክንድ፥ የማን እግር እንደ ሆነ ተመልካች እንዲለይም፥ ሠዓሊው አንዱን ታጋይ በጠቈረ፥ ሌላውን በቀላ ቀለም ሥሎታል። በግሪክ አገር በኦሊምፒያ ጨዋታ ትግል የገባው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ708 ዓመት ነው። ጨዋታው በአቴና ከተማ እንደ ገና በተቋቋመ ጊዜም፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1896 ዓ.ም.፥ ትግል አብሮ ነበረ፤ ለሴቶችም በ2004 ዓ.ም. ተፈቀደ። በአገራችንም ትግል በሀገር አቀፉ የባህል ስፖርቶች ውድድር ከሚካተቱት ጨዋታዎች አንዱ ነው።

ከዓለሙ ታሪክ ወደ አገራችን ደቡብ ቈላ እንመለስ። ነገሌ ቦረና ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል በሊበን ምድር የተቆረቆረች ከተማ ናት። በገበያዋ ቦረናው፥ ጉጂው፥ ሶማሌውና ከደጋ የወረደው ነጋዴ ይገናኛሉ። አንዱም ጨዋታ በዚህ ገበያ በሦስት ቋንቋ ይጠራል፤ አማርኛ ትግል ሲለው፥ ኦሮምኛ ወልአንሶ፥ ሶማልኛ ደግሞ ለግደን ይለዋል። ስሙ ሦስት ቢሆንም አቋቋሙና አወዳደቁ አንድ ነውና፥ ቋንቋ ያለያያቸው ልጆች በአንድ አሸዋ ላይ ተያይዘው ይግባባሉ። ነገር ግን የተለያየ ወገን ልጆች የሚጫወቱበት ጨዋታ ስለ ሆነ፥ አንዱ ቢጎዳ ጉዳቱ የአንድ ልጅ ጉዳት ብቻ ሆኖ ላይቀር ይችላል፤ የሁለት ቤት፥ አንዳንድ ጊዜም የሁለት ጎሣ ነገር ይሆናል። እንግዲህ ልጅን በጨዋነት እንዲታገል ማስተማር፥ የአካሉን ጤና መጠበቅ ብቻ ሳይሆን የጎረቤትን ሰላም መጠበቅ ነው።

ስለ አቋቋም

ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው የእግር አቋቋም ነው። በቦረና አገር ከያቤሎ እስከ ሜጋና እስከ ሞያሌ በሚወስደው ምድር፥ ቱላ የሚባሉ እጅግ ጥልቅ ጕድጓዶች አሉ፤ ቦረናዎች ቱላ ሰግላን፥ ማለት ዘጠኙ ቱላ፥ እያሉ ይጠሯቸዋል። በበጋ ወራት ጐልማሶች በጕድጓዱ ውስጥ አንዱ ከሌላው በላይ በተርታ ቆመው፥ እየዘፈኑ የውኃውን መቅጃ ከእጅ ወደ እጅ ወደ ላይ ያቀብላሉ። በዚያ ስፍራ የሚቆም ሰው እግሩን በትከሻው ልክ ዘርግቶ፥ ጉልበቱን በመጠኑ አጥፎ፥ ጀርባውን አቅንቶ ካልቆመ ይወድቃል፤ ኀይሉንም ከክንዱ ሳይሆን ከወገቡና ከጭኑ ካላወጣው ቶሎ ይደክማል። የመልካም ታጋይ አቋቋምም ይኸው ነው።

ስለ ማጥቃት

ጀማሪ ታጋይ፥ ትግል ማለት ብርቱው ደካማውን አንሥቶ መጣል ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሰው በሁለት እግር የሚቆም ስለ ሆነ፥ ሁለቱ እግሮቹ በተዘረጉበት መሥመር በኩል ቢገፉት ይጸናል፤ ከዚያ መሥመር በስተ ፊትና በስተ ኋላ በኩል ግን የሚደግፈው ሦስተኛ እግር የለውም። ብልህ ታጋይ የሚያጠቃው በዚያ በኩል ነው። አስቀድሞ ሚዛኑን ያናጋል፥ ከዚያ በኋላ ይጥላል። ተጋጣሚው ሲገፋው ይስበዋል፥ ሲስበው ይገፋዋል፤ በዚህም ዐይነት የተጋጣሚውን ጉልበት ከራሱ ጉልበት ጋር ይደምራል።

የአያያዙ ስልት ብዙ ነው። አንዱ እጅ ማጅራትን ሲይዝ ሌላው ክርንን ይይዛል፤ ወይም አንድ ክንድ በተጋጣሚ ብብት ሥር ተሻግሮ ትከሻውን ከኋላ ይይዛል፤ ወይም ሁለት እጅ ወገብን ያቅፋል። ከነዚህ ሁሉ የሚበልጠውን ምሥጢር የከብት እረኛ ያውቀዋል። ወይፈን ሊያስተኛ የሚፈልግ ሰው ከሰውነቱ ጋር አይታገልም፤ ራሱን ይዞ አንገቱን ያዞራል እንጂ፤ ራስ ወደ ዞረበት አካል ይከተላልና። በሰውም ዘንድ ነገሩ ያው ነው፤ ነገር ግን የሰውን አንገት መጠምዘዝ አደገኛ ስለ ሆነ፥ ማጅራቱን ወደ ታችና ወደ ጎን መምራት ይበቃል።

እግር ለመያዝ የሚፈልግ ሰው ጀርባውን አጉብጦና አንገቱን ደፍቶ ቢገባ ራሱን አሳልፎ ይሰጣል። ጉልበቱን አጥፎ ዝቅ ይበል፤ ጀርባው ቀና፥ ራሱም ቀና ይሁን፤ ራሱን ከተጋጣሚው ጎን አስጠግቶ አንዱን እግር ከጉልበቱ በላይ አቅፎ ወደ ደረቱ ይሰብስበው፤ ከዚያም ወደ ፊት ብቻ ከመግፋት ወደ ጎን ይዙር። ጠልፎ መጣል የሚፈልግ ደግሞ የተጋጣሚው ክብደት በአንዱ እግር ላይ እስኪያርፍ ይጠብቅ፤ ያን ጊዜ ያንኑ እግር ከውስጥ ወይም ከውጭ ጠልፎ ደረቱን በደረቱ ቢገፋው ይወድቃል። በዳሌ የሚጥልም ሰው ዳሌውን ከተጋጣሚው ዳሌ በታች ካላደረገ፥ ሸክሙን ያነሣል እንጂ አይጥልም።

ስለ መከላከል

እጅ ያታልላል፤ ዳሌና ደረት ግን ወደሚሄዱበት ሳያመለክቱ አይሄዱም። ስለዚህ ተከላካይ ዐይኑን ከተጋጣሚው እጅ ላይ አንሥቶ በደረቱና በዳሌው ላይ ያድርግ። ክርኖቹን ወደ ጎድኑ ሰብስቦ፥ እጆቹን ከፊቱ አድርጎ ይቁም። ሲራመድም እግሩን በእግሩ ላይ አያሳልፍ፤ በተጠላለፈ እግር የቆመ ሰው በትንሽ ግፊት ይወድቃልና።

ተጋጣሚው እግሩን ሊይዝ በገባ ጊዜ፥ ሁለቱን እግሮቹን ወደ ኋላ ወርውሮ የዳሌውን ክብደት በገባው ሰው ትከሻ ላይ ይጣል፤ የገባውም ሰው ከክብደቱ በታች ወድቆ ይቀራል። ከኋላው ወገቡን ቢይዙት አይዝለል፤ ዝቅ ብሎ እግሩን ዘርግቶ፥ የያዘውን እጅ ከአንጓው ይዞ ያላቅቅ። አንዲትን ጣት ለይቶ መጠምዘዝ ግን የጠብ እንጂ የትግል ሥራ አይደለም።

የመከላከል ፍጻሜው መውደቅን ማወቅ ነው። ካኖ ጂጎሮ የተባለው ጃፓናዊ መምህር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1882 ዓ.ም. ጁዶ የሚባለውን ትግል ባቋቋመበት ትምህርት፥ ተማሪ መጣልን ከመማሩ በፊት መውደቅን ይማራል። የሚወድቅ ልጅ አገጩን ወደ ደረቱ ይሰብስብ፥ ማጅራቱም መሬት እንዳይመታ ይጠንቀቅ። ለመደገፍ ብሎ ክንዱን አቅንቶ ወደ መሬት አይዘርጋ፤ አንጓውና ክርኑ የሚሰበሩት በዚህ ምክንያት ነው። ይልቁንም በትከሻውና በጀርባው ላይ ክብ ሆኖ ይንከባለል።

ይዞ ስለ መግዛት

አሁን ወደ ሦስተኛው ደርሰናል። በባላገር ጨዋታ ጀርባው መሬት የነካ ተሸናፊ ነው፤ በዓለሙም ውድድር ሁለቱ ትከሻዎች መሬት ላይ ተይዘው ሲቀሩ ትግሉ ይፈጸማል። በጁዶ ደግሞ ተጋጣሚን በጀርባው አስተኝቶ 20 ሰከንድ ሳያስነሡ መያዝ ለፍጹም ድል ይበቃል። በዚህ ሁሉ ውስጥ መምታት የለም፤ ማነቅን የሚፈቅዱ ትምህርቶች ቢኖሩም እርሱ ለልጆች አይሆንም። የሚፈለገው እንዳይነሣ ማድረግ ብቻ ነው።

የሚይዝ ሰው ደረቱን በወደቀው ደረት ላይ አጋድሞ፥ እግሮቹን ሰፋ አድርጎ ዘርግቶ፥ ዳሌውን ወደ መሬት ዝቅ ያድርግ። ከእጁ ጉልበት ይልቅ ክብደቱ ይሥራ። የወደቀው ወደ ግራ ሲዞር ወደ ግራ፥ ወደ ቀኝ ሲዞር ወደ ቀኝ አብሮ ይዙር፤ ደርቆ የሚይዝ ተገልብጦ ይወድቃልና። ራስን ሲይዝ ካንድ ክንድ ጋር አብሮ ይያዝ፤ አንገትን ብቻውን ማቀፍ ትንፋሽን ይከለክላል፥ አጥንትንም ይጎዳል። ክንድንም ከጀርባ በላይ ወደ ትከሻ አይጠምዝዝ። የወደቀው በቃኝ ባለ ጊዜ፥ ወይም በእጁ ሁለት ጊዜ መታ መታ ባደረገ ጊዜ፥ በዚያችው ቅጽበት መልቀቅ ግዴታ ነው። ከለቀቀም በኋላ እጁን ይዞ ያስነሣው፥ አቧራውንም ያራግፍለት።

ሰው ቆሞ ሲታገል በፍርሃትና በችኮላ የሚያደርገውን ሁሉ አያውቀውም። ተጋጣሚውን ከበታቹ ካደረገ በኋላ ግን ጊዜና ሥልጣን በእጁ ነው፤ የሚያደርገውን እያወቀ ያደርጋል። የልጁን ጠባይ ለማወቅ የሚፈልግ አባት ሲጥል ሳይሆን ጥሎ ሲይዝ ይመልከተው።

ስለ ወላጆች ድርሻ

የመታገያው ስፍራ ከድንጋይና ከግራር እሾህ የጸዳ አሸዋ ወይም ሣር ይሁን። ቀለበት፥ ጩቤና ጠንካራ መታጠቂያ አስቀድሞ ይውለቅ፤ ጥፍርም ይቈረጥ። ተጋጣሚዎች በዕድሜና በክብደት የሚመጣጠኑ ይሁኑ፤ ታላቁ ታናሹን ቢጥል ክብር የለውም። በቈላ ሙቀት እኩለ ቀን ላይ መታገል ስለሚጎዳ፥ ጧት ወይም ማታ ይሁን፤ የሚጠጣ ውኃም አይታጣ። ጭርትና የመሰለው የቆዳ በሽታ በመነካካት ስለሚተላለፍ፥ ከትግል በኋላ በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል፤ ቆዳው የቈሰለ ልጅም እስኪድን ይቆይ።

ራሱን የተመታ ልጅ ቢያስታውከው፥ ቢፈዝ ወይም ራሱን አጥብቆ ቢያመው፥ በዚያ ቀን ወደ ትግል መመለስ አይገባውም፤ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይወሰድ። አንገቱን ያመመው ወይም እጅ እግሩ የደነዘዘ ግን፥ የሚያውቅ ሰው እስኪመጣ ድረስ ከወደቀበት አይነቃነቅ። ከሁሉም በላይ በመካከላቸው ቆሞ የሚዳኝ አንድ ታላቅ ሰው አይለይ፤ ቍጣ በታየ ጊዜም ያላቅቃቸው።

የቦረና ኦሮሞዎች የሚተዳደሩበት የገዳ ሥርዓት፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በዚህ ሥርዓት አባ ገዳ ሥልጣኑን 8 ዓመት ይዞ፥ ጊዜው ሲደርስ ለሚተካው ያስረክባል። አገሬው ይህን ሲያደርግ የኖረ ስለ ሆነ፥ መያዝና መልቀቅ አንድ ትምህርት መሆናቸውን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። መያዝን የሚያውቅ ብዙ ነው፤ በጊዜው መልቀቅን የሚያውቅ ግን ከልጅነቱ የተማረ ሰው ነው። ዛሬ በአሸዋ ላይ ባልንጀራውን ጥሎ፥ ሳይጎዳው ይዞ፥ በቃኝ ሲለው የሚለቅ ልጅ፥ ነገ ቤት ሲያስተዳድር ወይም በሕዝብ ላይ ሲሾም፥ ከበታቹ ያለውን ሰው እንዴት መያዝ እንደሚገባው አስቀድሞ አውቆታል።