ጠመንጃ ሲከሽፍ

አንባቢ ሆይ፥ «ከሸፈ» የሚለው ቃል ለሐሳብም ለጠመንጃም ይነገራል። ሐሳብ ቢከሽፍ እንደ ገና ይታሰባል፤ የከሸፈ ጠመንጃ ግን ሰው ሊገድል ይችላል።

በሐረር ጀጎል ውስጥ «የራምቦ ቤት» የሚባለውን ቤተ መዘክር ያየ ሁሉ ፈረንሳዊውን ባለቅኔ ያስታውሰዋል። ይህ ሰው በ1879 ዓ.ም. 2,000 ያህል አሮጌ ጠመንጃዎች ከታጁራ አምጥቶ ለንጉሥ ምኒልክ ሲሸጥ፥ ዋጋውን እንዲቀበል የታዘዘው ከሐረሩ ገዥ ከመኰንን፥ በኋላ ራስ ከተባሉት ነበር። ጠመንጃ እስከ ዛሬ ብዙ ቢሻሻልም ምሥጢሩ ያው ነው፤ ምት እሳት ይወልዳል፥ እሳቱም ባሩዱን ያነዳል።

እንግዲህ ፈቃድ ያለው አዳኝ አነጣጥሮ ቃታ ሲስብ «ቀጭ» ብሎ ዝም ቢልበት፥ ልቡ አፈሙዙን አዙረህ ተመልከት ይለዋል። አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ ባሩዱ ዘግይቶ ሊነድ ይችላልና። ስለዚህ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት እንዳዞሩ ቢያንስ 30 ሴኮንድ ይቍጠሩ፤ ከዚያ በኋላ ጥይቱን ያውጡ።

የጥይቱ ቂጥ በሽታውን ይናገራል። መርፌው በደንብ ወግቶት ካልፈነዳ ጥፋቱ የጥይቱ ነው፤ አርጅቷል ወይም እርጥበት አግኝቶታል። ምልክቱ ስስ ከሆነ ሞላው ደክሟል፥ ወይም የረጋ ቅባትና አቧራ መርፌውን ይዞታል። ምንም ምልክት ከሌለ መርፌው ተሰብሮ ይሆናልና ለባለሙያ ይስጡት።

ተኩሱ ደካማ ድምፅ ቢያሰማ ግን ፈጽሞ አይድገሙ፤ አረሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ እንደሆነ የሚቀጥለው ጥይት ብረቱን ይሰነጥቀዋል።

ድኩላው ቢያመልጥ ሌላ ቀን አለ፤ የሰው ዐይን ግን ምትክ የለውም።