ፈቃድ ከአንጎል ወደ እጅ፤ ስለ ስትሮክ ሕሙማንና ስለ አንጎል ሞገድ አጭር ዳሰሳ

ጫት የደም ግፊትን ከፍ እንደሚያደርግ፥ የደም ግፊትም የስትሮክ ዋነኛ መንሥኤ እንደ ሆነ ሐኪሞች ያረጋገጡት ነውና፥ ከአሰበ ተፈሪ ወደ ቁልቢ በሚወስደው ጎዳና ላይ ባለችው፥ ጫት በሚለቀምባትና በሚቃምባት በሂርና፥ ግማሽ አካሉ በድን ሆኖ እንደ መጻጉዕ ከአልጋ የዋለ ሰው እጁን ዳግመኛ በምን ጥበብ ያንቀሳቅስ ይሆን ብሎ መጠየቅ ለሩቅ አገር ሊቃውንት ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

ጥበቡ የአንጎልን ሞገድ አንብቦ የደከመውን እጅ በመሣሪያ ማንቀሳቀስ ነው፤ ጥንቱም በጀርመን አገር፥ በዬና ከተማ ነው። ሐንስ በርገር የተባለ የአእምሮ ሐኪም በ1924 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ከራስ ላይ ቀድቶ በ1929 አሳተመው፤ በልቡ የሚሻው ግን ኅሊና ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍበትን ምሥጢር ነበረና፥ ያልፈለገውን አግኝቶ የፈለገውን አጣ። በ1973 ደግሞ በሎስ አንጀለስ ዣክ ቪዳል ይህ ሞገድ ኮምፒዩተርን ሊያዝ ይችላል ወይ ሲል ጠየቀ።

ጭንቁ ያለው ከማጣራቱ ላይ ነው። ከራስ ቅል ውጭ የሚደርሰው ሞገድ በቮልት ሚሊዮንኛ እጅ የሚቈጠር ኢምንት ስለ ሆነ፥ የዐይን ጥቅሻ፥ የመንጋጋ ጡንቻና በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰው የመብራት ኃይል ይውጡታል፤ በሂርና የገበያ ቀን ከግድግዳ ማዶ ቆሞ የአንዱን ሰው ሹክሹክታ ለይቶ የመስማት ያህል ነው። ስለዚህ ሊቃውንቱ ሁከቱን በስሌት እያጣሩ፥ ኤሌክትሮድ ከተሰካበት ቆብ ልዩ ልዩ ስፍራ የተቀዳውንም እያመዛዘኑ፥ እንቅስቃሴን ከሚያዘው የአንጎል ክፍል የመጣውን ያጎሉታል። የሚያስደንቀውም፥ የግራትሱ ሊቅ ጌርት ፉርትሼለር እንዳስረዳው፥ ሰው እጁን ለማንቀሳቀስ ባሰበ ጊዜ በሰከንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ የሚመላለሰው ሞገድ መድከሙ ነው፤ እጁ ቀኝ እንደ ሆነ ድካሙ አብልጦ በአንጎል ግራ ወገን ይታያል። ኮምፒዩተሩ ይህን ድካም ሲጠባበቅ ቆይቶ፥ ባየው ጊዜ በበሽተኛው እጅ ላይ የታሰረውን መሣሪያ ያንቀሳቅሳል።

ከጥናቶቹ መካከል በቱቢንገን ኒልስ ቢርባውመርና ባልደረቦቹ በ2013 ያወጡት ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚያሳርፍ ይመስለኛል። ስትሮክ ከመታቸው ብዙ ጊዜ ያለፋቸው 32 ሕሙማን ሁሉም ፊዚዮቴራፒ ሲያገኙ፥ መሣሪያው ለእኩሌቶቹ ፈቃዳቸውን ተከትሎ፥ ለቀሩት ግን በዘፈቀደ ተንቀሳቀሰ፤ በግልጽ የተሻሻሉትም ፊተኞቹ ናቸው፤ ኃይሉ ፈቃድና እንቅስቃሴ በአንድ ቅጽበት በመገናኘታቸው ነውና። አሜሪካም በ2021 ኢፕሲሃንድ የተባለውን፥ ካልተጎዳው የአንጎል ወገን የሚያነበውን መሣሪያ ፈቀደች።

መሻሻሉ ግን ከፊል እንጂ ፍጹም ፈውስ አይደለም፤ የተገኘውም ከፊዚዮቴራፒ ጋራ ተባብሮ ነው። ለሂርና ሐኪም ቤት ገንዘብ የሚመድብ ሰው ምክር ቢጠይቀኝ፥ አስቀድመህ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቅጠር፥ ቆቡን ከዚያ በኋላ ግዛ እለዋለሁ።