የመጠባበቂያ ቅጂ ሶፍትዌር ከመሻሻሉ በፊት ተኳኋኝነቱ ለምን ይረጋገጣል?

በአል ዳፍራ ክልል በምትገኘው መዲናት ዛይድም ሆነ በአቡ ዳቢና በአል ዓይን ከተሞች፣ በግል ኩባንያ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው የሥራ ውሉ፣ የደመወዝ ታሪኩና የዕረፍት ቀናቱ ዛሬ በአብዛኛው የሚገኙት በአሠሪው ሰርቨር ውስጥ ነው። አገልግሎቱን ሲያጠናቅቅ የሚከፈለው የስንብት ገንዘብም የሚሰላው ከዚሁ መዝገብ ነው፦ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን መሠረታዊ ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ዓመታት ደግሞ የ30 ቀን። የተባበሩት አረብ ኤሚሬቶች የሥራ ግንኙነት ሕግ (የ2021 ድንጋጌ ቁጥር 33) አሠሪው የሠራተኛውን ማኅደር ሥራ ከለቀቀ በኋላ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲያቆይ ያዛል። የኩባንያ ግብር ሕጉ ደግሞ የሒሳብ ሰነዶች ለሰባት ዓመት እንዲጠበቁ ይጠይቃል።

ኩባንያዎች ይህን ሁሉ ከብልሽት፣ ከእሳትና ከመረጃ ሰርሳሪዎች ለመጠበቅ በየሌሊቱ ቅጂ የሚያስቀምጥ የመጠባበቂያ ሶፍትዌር ይጠቀማሉ። ሶፍትዌሩ የጥበቃ ክፍተቶቹ እንዲደፈኑ በየጊዜው መሻሻል አለበት። አደጋው ያለው አዲሱ ስሪት በዙሪያው ካሉት ነባር ሥርዓቶች ጋር ተግባብቶ መሥራቱ ሳይረጋገጥ ሲጫን ነው። ባለሙያዎች ተኳኋኝነት የሚሉት ይህንን መግባባት ነው።

የዚህን ጥንቃቄ ዋጋ በግልጽ ያሳየው ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 አንድ ባለሙያ በተጠባባቂው ሰርቨር ላይ የሚሠራ መስሎት የዋናውን ዳታቤዝ መረጃ ሰረዘ። ወደ መጠባበቂያው ቅጂ ሲኬድ ማከማቻው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱም ዳታቤዙ የፖስትግሬስ 9.6 ስሪት ሲሆን ቅጂ የሚወስደው መሣሪያ ግን የ9.2 ነበር፤ ሁለቱ ስላልተጣጣሙ ሥራው በየዕለቱ ይከሽፍ ነበር። ክሽፈቱን የሚያሳውቅ ኢሜይልም ይላክ ነበር፤ ነገር ግን የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጥ ፊርማ ስላልነበረው የተቀባዩ ሰርቨር አልቀበልም ይለው ነበር። ኩባንያውን ያዳነው አንድ ባለሙያ ለሌላ ሥራ ከስድስት ሰዓት ያህል አስቀድሞ የወሰደው ቅጂ ነው። ያም ሆኖ በእነዚያ ሰዓታት የተመዘገቡ 5,000 ያህል ፕሮጀክቶች፣ 5,000 ያህል አስተያየቶችና 700 ያህል አዳዲስ የተጠቃሚ መዝገቦች ጠፍተዋል።

እንግዲህ የሚመረመረው ምንድን ነው? አምራቾች አዲስ ስሪት ሲያወጡ ከየትኞቹ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች፣ ዳታቤዞችና ቨርቹዋል ማሽኖች ጋር እንደሚሠራ የሚገልጽ ሰንጠረዥ ያወጣሉ። ባለሙያው ሰንጠረዡን በቢሮው ውስጥ ካለው እያንዳንዱ ማሽን ጋር ያስተያያል። ብዙ ጊዜ እንቅፋት የሚሆነው ተረስቶ ጥግ ላይ የቀረው አሮጌ ማሽን ነው። ለምሳሌ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ሰርቨር 2012 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 10 ቀን 2023 አቁሟል፤ የደመወዝ ፕሮግራሙ አሁንም በእርሱ ላይ የሚሠራ ከሆነ አዲሱ የመጠባበቂያ ስሪት ላያውቀው ይችላል። ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። እንደ ኔትባክአፕ ባሉ ሶፍትዌሮች ዋናው ሰርቨር ከሌሎቹ ያነሰ ስሪት ሊኖረው ስለማይገባ ማሻሻሉ የሚጀመረው ከእርሱ ነው።

የቆዩ ቅጂዎች ጉዳይ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይዘነጋል። መረጃቸውን በቴፕ የሚያስቀምጡ ድርጅቶች እስከ ኤልቲኦ 7 ድረስ የነበሩት ማንበቢያዎች ሁለት ትውልድ ወደ ኋላ ተመልሰው ማንበብ ይችሉ ስለነበር ይህንኑ ይጠብቃሉ። ኤልቲኦ 8 ግን የራሱንና የኤልቲኦ 7ን ቴፕ ብቻ ያነባል። አሮጌውን ማንበቢያ የጣለ ኩባንያ በመጋዘኑ ያሉት የኤልቲኦ 6 ቴፖች ምንም ሳይበላሹ የማይነበቡ ይሆኑበታል፤ ሕጉ የሚጠይቀው ጊዜ ግን ገና አላለቀም።

ከማሻሻሉ በፊት የሶፍትዌሩ የራሱ ቅንብር ተገልብጦ ሌላ ቦታ መቀመጥ አለበት፤ ብዙዎቹ አዲስ ስሪቶች የውስጥ ዳታቤዙን ቅርጽ ስለሚቀይሩ ያለዚህ ቅጂ ወደ ቀድሞው መመለስ ያስቸግራል። ከማሻሻሉ በኋላ ደግሞ «ሥራው ተጠናቋል» የሚለው አረንጓዴ ምልክት በቂ አይደለም። አንድ የቆየና አንድ አዲስ ፋይል፣ ቢቻል ሙሉ ዳታቤዝ፣ በሙከራ ማሽን ላይ ተመልሶ ተከፍቶ መታየት ይኖርበታል።

የጊዜ ምርጫም ቀላል ጉዳይ አይደለም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ምሽት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለው በላይ ማውጣት የቻሉበት ክስተት፣ ከመጠባበቂያ ቅጂ ጋር ባይያያዝም፣ በሥራ ላይ ያለ ሥርዓት ሲነካ ስሕተቱ በሰዓታት ውስጥ ምን ያህል እንደሚሰፋ አሳይቷል። ባንኩ ችግሩን ያያያዘው ከሥርዓት ማሻሻያ ጋር ሲሆን የተወሰደበትም ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። ለኩባንያዎች ደመወዝ በሚላክባቸው ቀናት ዋዜማ የመጠባበቂያ ሥርዓትን ከመንካት መቆጠብ ይበጃል።

ሠራተኛው በአሠሪው ሰርቨር ላይ ሥልጣን ባይኖረውም የሥራ ውሉን ከሰው ሀብትና ኤሚራታይዜሽን ሚኒስቴር መተግበሪያ አውርዶ፣ የደመወዝ ደረሰኞቹንና የባንክ መግለጫዎቹን ከስልኩ ውጭ በሌላ ቦታ ማስቀመጥ ይችላል። ስልክ በሚቀይርበት ጊዜም ፋይሎቹ በአዲሱ ላይ መከፈታቸውን ሳያይ አሮጌውን ባይሸጥ መልካም ነው።