ተጨማሪ መረጃ፦ አነስተኛ መጠን ያለው አስፒሪንና የጨጓራ መድማት

ብዙ የልብ ሕሙማን በሐኪም ትእዛዝ በየቀኑ 81 ሚሊ ግራም አስፒሪን ይወስዳሉ። መድኃኒቱ ሳይክሎኦክሲጅኔዝ የተባለውን ኢንዛይም ሥራ ስለሚያስቆም ደም የሚያረጉት ፕሌትሌቶች ተጣብቀው የደም ሥር እንዳይዘጉ ይረዳል። ይሁን እንጂ የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚጠብቁት ፕሮስታግላንዲኖች የሚመረቱትም በዚሁ ኢንዛይም ነው። ስለዚህ ግድግዳው በቀላሉ ይቆስላል፤ ሲቆስልም ደሙ ቶሎ አይረጋም። ፕሌትሌት ኒውክለስ ስለሌለው አዲስ ኢንዛይም መሥራት አይችልም፤ ውጤቱ የሚያልፈው ፕሌትሌቶቹ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ በአዲስ ሲተኩ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው አስፕሪ የተሰኘ ጥናት የልብ ሕመም የሌለባቸውን 19,114 አረጋውያን በአውስትራሊያና በአሜሪካ ተከታትሏል። ከባድ መድማት የደረሰው አስፒሪን ከወሰዱት በ3.8 በመቶ፣ ካልወሰዱት ደግሞ በ2.8 በመቶው ላይ ነው። አስፒሪኑ የልብ ሕመምን ግን ጉልህ በሆነ መጠን አልቀነሰም።

የመድማት አደጋውን የሚጨምሩት፦
• የዕድሜ መግፋትና የቀድሞ የጨጓራ ቁስለት፤
• በአገራችን በስፋት የሚገኘው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ባክቴሪያ፤
• ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ደርቦ መውሰድ፤
• የአልኮል መጠጥ ማዘውተር።

ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ትውከት ደም ከቀላቀለ ወይም ራስን ካሳተ ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። ሐኪም ያዘዘውን አስፒሪን ግን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ለልብ ድንገተኛ ሕመም ሊያጋልጥ ስለሚችል አስቀድሞ ሐኪምን ማማከር ይገባል።