ስክሪኑ ሲደበዝዝ፦ ዝቅተኛ ሪዞሉሽንን በቅደም ተከተል መመርመር

(ለሕዝብ የተሰጠ ገለጻ፣ በጽሑፍ የቀረበ)



የዛሬው ርእሳችን ትንሽ ይመስላል። የጠረጴዛ ኮምፒውተር ከፍተን ፊደሉ ገዝፎ፣ ጠርዙ ደብዝዞ፣ ገጹም ከስክሪኑ አልፎ ስናገኘው ምን እናድርግ? ብዙዎቻችን የምንሰጠው መልስ «ሞኒተሩ አርጅቷል፤ ይለወጥ» የሚል ነው። ይህ መልስ አብዛኛውን ጊዜ ችኩል መሆኑን ለማሳየት፣ ገንዘብ ከማውጣታችንም በፊት ልንጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎችን በየተራቸው ለማቅረብ እሞክራለሁ።

ነገሩን ከአንድ ገጠመኝ ልጀምር። ባለፈው ዓመት ቡታጅራ ውስጥ ወደ አንድ የጽሕፈትና የኮፒ አገልግሎት ቤት ጎራ ብዬ ነበር። ጸሐፊዋ የአንድ ተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እየተየበች፣ ግንባሯ ስክሪኑን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ጽሑፉ ስለ ኮምፒውተር የሚያወሳ ነበርና «ቢት» የሚለውን ቃል በየገጹ «ቤት» ብላ ጽፋዋለች፤ በስክሪኑ ላይ ሁለቱን መለየት አልቻለችም። «ጋሼ፣ ሞኒተሩ ሞቷል፤ አዲስ ለመግዛት ገንዘብ እያጠራቀምን ነው» አለችኝ። «ቆይ እስቲ እህቴ፣ አንዴ ልየው» ብዬ ተቀመጥኩ። ያገኘሁትን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ አስቀድመን ግን ሪዞሉሽን ምን እንደሆነ እንስማማ።

ዘመናዊ ሞኒተር በፋብሪካ የተወሰነ ቁጥር ያላቸው ጥቃቅን የብርሃን ነጥቦች፣ ማለትም ፒክሰሎች፣ የተደረደሩበት ሰሌዳ ነው። ዛሬ በየቢሮው የምናየው የተለመደ ሞኒተር በአግድም 1920፣ በቁም 1080፣ በድምሩ 2,073,600 ፒክሰሎች አሉት። ኮምፒውተሩ 1024 በ768 የሆነ ምስል ሲልክለት የሚደርሰው የ786,432 ነጥቦች መረጃ ብቻ ነው፤ ይህም ከአቅሙ 38 በመቶ ገደማ ይሆናል። የጎደለውን ሞኒተሩ በግምት ይሞላዋል። አንዱ ነጥብ በአግድም 1.875፣ በቁም ግን 1.4 ያህል ፒክሰል ላይ መዘርጋት ስላለበት ጠርዙ ይደበዝዛል፤ ምስሉም ወደ ጎን ይለጠጣል። ክቡ ፊደል «ዐ» ሞላላ ሆኖ የሚታየን ከዚህ የተነሣ ነው። የቀድሞዎቹ ወፍራም የመስተዋት ሞኒተሮች እንዲህ ያለ ቋሚ ሰሌዳ ስላልነበራቸው የተለያዩ ሪዞሉሽኖችን በተሻለ ሁኔታ ያስተናግዱ ነበር። የዛሬዎቹ ግን በትክክል የሚጠሩት በተፈጥሯዊ ልካቸው ብቻ ነው።

ይህ ጉዳይ በግዕዝ ፊደል ለምንጽፍ ሰዎች ከውበት ያለፈ ነው። የፊደላችን ልዩነት ያረፈው በጥቃቅን ቅጥያዎች ላይ ነው። «ቢ» እና «ቤ» የሚለያዩት በእግራቸው ሥር ባለው ምልክት ብቻ ሲሆን አንደኛው ጭረት፣ ሌላኛው ቀለበት ነው። ነጥቡ ሲያንስ የቀለበቱ ቀዳዳ ይደፈንና ቀለበቱ ጭረት ይመስላል። እዚህ ወልቂጤና አካባቢዋ ደግሞ ጉዳዩ ይበልጥ ይቀርበናል። በሰባት ቤት ጉራጌ ከንፈር ተሞጥሙጦ የሚነገሩትን የ«መ»፣ የ«በ»፣ የ«ፈ» እና የ«ፐ» ድምፆች የሚወክሉ 16 ፊደላት እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ ዩኒኮድ ገብተዋል። በ2021 ደግሞ ለጉራጌ አጻጻፍ የሚያገለግሉ ሌሎች 28 ፊደላት ተጨምረዋል። እነዚህን ፊደላት ከመሠረታዊዎቹ የሚለያቸው ትንሽ ቅጥያ ነው። ቅጥያውን የማያሳይ ስክሪን ላይ የሚያርም ሰው ያላየውን ሊያርም አይችልም።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ችግሩ በእርግጥ ሪዞሉሽን ነው ወይ?» የሚል ነው። በፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥን ከታየ የጎደለው ፊደሉን የያዘ ፎንት ነው። ሁሉም ነገር ገዝፎ ግን ጥርት ብሎ ከታየ የተቀየረው የማጉያው መጠን፣ ማለትም ስኬል፣ ሊሆን ይችላል። ገዝፎም ደብዝዞም ከታየ ሪዞሉሽኑን እንጠርጥር።

ሁለተኛው ጥያቄ «ኮምፒውተሩ ምን እየላከ ነው?» የሚል ነው። በዊንዶውስ ባዶ ስክሪን ላይ የቀኝ ክሊክ አድርገን «ዲስፕሌይ ሴቲንግስ» ስንከፍት የሪዞሉሽን ዝርዝር እናገኛለን፤ ከአንዱ ጎን «ሪኮሜንድድ» የሚል ቃል አለ። እሱን መምረጥ ብቻውን ችግሩን የሚፈታበት ጊዜ ብዙ ነው። የመረጥነው ሪዞሉሽን ሞኒተሩን ቢያጨልመው አንደንግጥ፤ ካላጸደቅነው ዊንዶውስ በ15 ሰከንድ ውስጥ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ፕሮጀክተር ከተሰካ ደግሞ እሱን ነቅለን እንየው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ምስል እንዲያሳዩ ሲታዘዙ ኮምፒውተሩ ሁለቱም የሚችሉትን ልክ ስለሚመርጥ፣ ሞኒተሩ ወደ ፕሮጀክተሩ ዝቅተኛ ልክ ሊወርድ ይችላል።

የሞኒተሩ ትክክለኛ ልክ በዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ሦስተኛው ጥያቄ ይከተላል፤ «ኮምፒውተሩ የራሱን የምስል ክፍል ያውቀዋል ወይ?» «ዲቫይስ ማኔጀር» ከፍተን «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» የሚለውን እንይ። «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ስም ካገኘን ምክንያቱ ታውቋል፤ ትክክለኛው ድራይቨር አልተጫነም። ይህ የሚያጋጥመው በተለይ ዊንዶውስ አዲስ ተጭኖ ኮምፒውተሩ ከኢንተርኔት ጋር ሳይገናኝ ሲቀር ነው። ድራይቨሩን ሌላ ቦታ አውርዶ በፍላሽ ማምጣት ይቻላል። የትኛውን እንደምናወርድ ለማወቅ የአዳፕተሩን «ሃርድዌር አይዲ» እንመልከት፦ 8086 የሚለው መለያ ኢንቴልን፣ 1002 ኤኤምዲን፣ 10ዲኢ ደግሞ ኤንቪዲያን ያመለክታል። ድራይቨሩን ከኮምፒውተሩ ወይም ከክፍሉ አምራች ገጽ እንውሰድ። «ሁሉንም ድራይቨር ያድሳል» የሚሉ ያልታወቁ ፕሮግራሞች ሌላ መዘዝ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ።

ድራይቨሩ ትክክለኛ ሆኖ ዝርዝሩ አሁንም ካጠረ አራተኛው ጥያቄ «ሞኒተሩ ማንነቱን መናገር ችሏል ወይ?» የሚል ነው። ሞኒተር ምስል የሚቀበል ብቻ ይመስለናል፤ እሱም ግን ለኮምፒውተሩ መልእክት ይልካል። ቬሳ የተባለው የአምራቾች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው ደንብ መሠረት እያንዳንዱ ሞኒተር አምራቹን፣ ዓይነቱንና የሚችላቸውን ሪዞሉሽኖች የያዘ የ128 ባይት መረጃ በውስጡ ይዟል። ኢዲአይዲ ይባላል። ኮምፒውተሩ ይህን መረጃ አንብቦ ዝርዝሩን ያዘጋጃል። ማንበብ ካልቻለ ለማንኛውም ሞኒተር አይከብድም ብሎ ወደሚገምተው ዝቅተኛ ልክ ይወርዳል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም እንዲሉ፣ አቅሙን ያልተናገረ ሞኒተርም ተገቢውን ምስል አያገኝም።

የቡታጅራው ጉዳይ ይኸው ነበር። የምስል ክፍሉ በትክክለኛ ስሙ ተመዝግቧል፤ ድራይቨሩ ደኅና ነው። በ«ሞኒተርስ» ሥር ግን «ጄኔሪክ ኖን-ፒኤንፒ ሞኒተር» የሚል ስም ተጽፏል፤ ይህም ኮምፒውተሩ የሞኒተሩን ማንነት ማንበብ አለመቻሉን የሚያመለክት ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩንም ሞኒተሩንም አጥፍቼ ገመዱን ነቀልኩት። ሰማያዊ ራስ ያለው የቪጂኤ ገመድ ነበር። ይህ መሰኪያ ከ1987 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሲሆን፣ በሦስት ረድፍ የተደረደሩ 15 የፒን ቦታዎች አሉት። ከመጀመሪያው ረድፍ 1ኛው፣ 2ኛውና 3ኛው ፒን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለምን ያስተላልፋሉ፤ ከእነዚህ አንዱ ቢሰበር ቀለሙ ስለሚዛባ ማንም ሰው ያስተውለዋል። የሞኒተሩን መረጃ የሚያመላልሱት ግን በሦስተኛው ረድፍ ያሉት 12ኛውና 15ኛው ናቸው። ከእነሱ አንዱ ሲጎዳ ቀለሙ እንዳማረ ይቆያል፤ የሚቋረጠው ንግግሩ ብቻ ነው። ከዚያ ገመድ ላይ 12ኛው ፒን ተጣሞ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። ጎረቤት ካለው ሱቅ ገመድ ተውሰን ስንሰካው የሞኒተሩ ሙሉ ልክ በዝርዝሩ ውስጥ መጣ። ጸሐፊዋ ጽሑፉን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ማረም ያዘች፤ ለሞኒተር የተጠራቀመውም ገንዘብ ተረፈ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በብዙ ገመዶች ላይ 9ኛው ፒን ከፋብሪካም የለም፤ እሱ በመጉደሉ ብቻ ገመዱን አትጣሉት። ይሁንና ይህ ፒን ሞኒተሩ ጠፍቶ ሳለ እንኳ መረጃው እንዲነበብ 5 ቮልት የሚያደርስ ነው። ስለዚህ እሱ በሌለበት ገመድ ስንጠቀም፣ በተለይ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ፣ ሞኒተሩን ከኮምፒውተሩ አስቀድመን ማብራት ይገባናል።

የምስል ገመድን ለሁለት የሚከፍሉ ርካሽ መሰኪያዎችና ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይሩ አዳፕተሮችም ይህን ንግግር ሊያቋርጡ ይችላሉ። እነሱን አውጥተን በቀጥታ እንሰካ። ኮምፒውተሩ ተጨማሪ የግራፊክስ ካርድ ካለውም ገመዱ በካርዱ ላይ እንጂ በማዘርቦርዱ መሰኪያ ላይ አለመሆኑን እናረጋግጥ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ለውጥ ከሌለ፣ ሞኒተሩን ደኅና መሆኑን በምናውቀው ገመድ ከሌላ ደኅና ኮምፒውተር ጋር እናገናኘው። እዚያ ከጠራ ችግሩ በፊተኛው ኮምፒውተር ላይ ነው። እዚያም ከደበዘዘ፣ «ሞኒተሩ ይለወጥ» የሚለው ቃል ያን ጊዜ ማስረጃ አገኘ ማለት ነው።

ተማሪዎቼ፣ ነገ በየመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ጥገና ስትጠየቁ የምትፈርሙት ወረቀት ዕቃ ወደ መጋዘን ያስወርዳል፤ ሌላ ዕቃም ያስገዛል። ከመፈረማችሁ በፊት መቼቱን፣ ድራይቨሩን፣ ገመዱን፣ ሞኒተሩን በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ፤ በእያንዳንዱ ደረጃ ያገኛችሁትንም በወረቀቱ ላይ ጻፉ። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ባለሙያ ምርመራውን ካቆማችሁበት እንዲቀጥል ያ ጽሑፍ ያስፈልገዋል።